ኢንቨስትመንት ባንክ ለሦስት ሳምንት ልምምድ ልሄድ ነው፤ ከደሴ ምን ይዤ ልሂድ?

የሙጋዷ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ፣ አካውንቲንግና ፋይናንስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አዲስ አበባ አንድ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ የሦስት ሳምንት ልምምድ አግኝቻለሁ። እንዴት አገኘሽ ለምትሉኝ፣ በኢሜይል ነው። ለብዙ ቦታ ጻፍኩ፣ አንዱ መለሰልኝ። ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ፣ አለቀ። የማውቀው ሰውም ዘመድም እዚያ የለኝም።

አሁን ደስታው አለፈና ጭንቀቱ ገባ። ክፍል ውስጥ የተማርነው አብዛኛው ደብተር ላይ ነው። ኤክሴል እችላለሁ እላለሁ እንጂ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ እጄ ይተሳሰራል። እንደ አዲስ አበባ ልጆች አልናገርም፣ አልለብስም። እና ደግሞ እውነት ለመናገር እዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ በደንብ አልገባኝም። ሦስቱንም ሳምንት ፎቶ ኮፒ ሲያስነሱኝ ቢያልቅስ?

ከቤት ደግሞ ሁለት ጥያቄ ተሸክሜያለሁ። እማየ «ወለድ ያለበት ሥራ ነው ወይ?» ብላ እስካሁን ልቧ አላረፈም። አራዳ ሱቅ ያለው አጎቴ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አምና ከኢትዮ ቴሌኮም በቴሌብር 33 አክሲዮን በ9,900 ብር ገዝቷል። «አሁን ውስጥ ገባሽ አይደል፣ ቀጥሎ የቱን እንደምገዛ ጠይቀሽ ንገሪኝ» ይለኛል በየቀኑ።

የሄደ ሰው ካለ ይምከረኝ። ለሌላውም ዱዓ አድርጉልኝ።

ጦሳሥር፦

ኸረ እህቴ፣ ሦስት ሳምንት ምን ልትማሪ ነው? ስማቸውን ሳትይዢ ያልቃል። የአውቶቡሱ፣ የቤቱ፣ የምሳው ወጪ ብቻ ትልቅ ነው። እዚሁ ፒያሳ ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች አንዱ ጋ ሁለት ወር ብትለማመጂ ቢያንስ ቀሪ ሥራ ሊገኝበት ይችላል። እዚያ ያለው ነገር ለሀብታም ልጅ ነው። አትቀየሚኝ፣ አይቼ ነው የምናገረው።

ከሐይቅ ማዶ፦

እኔ አምና ነው የገባሁት። የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩትም እንዳንቺ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ፋይናንስ ክፍል እሠራለሁ። የተለማመድኩበትን ቤት ስም አልጠራም። ለምን እንደማልጠራ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

መጀመሪያ አብሽሪ። ጦሳሥር ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ ወጪው ወጪ ነው። «ለሀብታም ልጅ ነው» ያለውን ግን አልቀበልም። ኢሜይል ጽፈሽ ያገኘሽው በሀብት አይደለም።

ቤቱን ልንገርሽ። ገንዘብ የሚቆጠርበት መስኮት የለም። ወረፋ የለም። ተቀማጭ የሚያስገባ ደንበኛም አታዪም። ኮምፒውተር ላይ ያቀረቀሩ ሰዎች፣ አንድ ሁለት የስብሰባ ክፍል፣ ብዙ ቡና። ባቲ ገበያ የግመል ደላላ አይተሽ ታውቂ የለ? ሻጭና ገዥን ያገናኛል፣ ዋጋውን ያቀራርባል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል። እነዚህም የሚያገናኙት ካፒታል የሚፈልግ ኩባንያንና ገንዘብ ያለውን ሰው ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ኩባንያው ምን እንዳለው፣ ምን ዕዳ እንዳለበት፣ ገዥው ምን ሊያጣ እንደሚችል ሁሉም ይጻፋል። ይኸ ሰነድ ፕሮስፔክተስ ይባላል። አክሲዮን ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ሰነዱ ውስጥ የተጻፈ ውሸት ያስጠይቃል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ ቁጥር ሲያይ ዓይኑ ይቀላል።

አገራችን ላይ ነገሩ ገና ለጋ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ፣ ቁጥር 1248፣ የወጣው በ2013 ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ማለት ነው፣ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ ቀድመው ካገኙት ውስጥ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል አሉ። ለጋነቱ ላንቺ ይጠቅምሻል። እኔ የነበርኩበት ቤት ውስጥ ከኦዲት ድርጅት የመጣ ነበረ፣ ከንግድ ባንክ ብድር ክፍል የተዛወረ ነበረ፣ ውጭ አገር ሠርቶ የተመለሰም ነበረ። ግማሾቹ እየሠሩ የሚማሩ ናቸው። «ይህንን እንዴት አታውቂም?» ብሎ የሚያሸማቅቅሽ ሰው ብዙም አታገኚም።

አሁን ወደ ሥራው። የሚሰጡሽ ሥራ ከሞላ ጎደል ይታወቃል፤ የኦዲት ሪፖርት ወደ ኤክሴል መገልበጥ ነው። የእኛ አገር ኩባንያ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ስካን ነው። ገጹ የተንጋደደ፣ ማህተም የተመታበት፣ 3 ይሁን 8 የማይለይ። ኮፒ አይደረግም፣ በእጅሽ ነው የምትጽፊው። የአምስት ዓመት ሪፖርት፣ ከነማብራሪያው። አብዛኛው ተለማማጅ ይሰለቸዋል፣ ይንቀዋል፣ «የጸሐፊ ሥራ ሰጡኝ» ብሎ ያኮርፋል። እኔ ደግሞ ሦስቱ ሳምንት ያለው እዚያ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ትልልቆቹ የሚሠሩት የዋጋ ስሌት ሁሉ የሚቆመው አንቺ በጻፍሽው ቁጥር ላይ ነው። አንድ ዜሮ ብትጎድል ስሌቱ በሙሉ ገደል ይገባል።

የት የት እንደሚያደናቅፍ ልንገርሽ።

ዓመቱ ዋናው ነው። የፋይሉ ስም «የ2016 ሪፖርት» ይላል። የእኛ 2016 ነው የፈረንጅ? ሁለቱም ፎልደሩ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ በመሃላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። በስሙ አትመኚ፣ ከፍተሽ የተዘጋበትን ቀን እዪ። ሰኔ 30 ቀን 2016 የተዘጋ ሂሳብ በፈረንጅ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። ሠንጠረዥሽ ራስጌ ላይ ሁለቱንም ጻፊ።

ቀጥሎ መጠኑ። አንዱ ዓመት ቁጥሩ በብር ነው፣ ሌላው ዓመት «በሺህ ብር» ይላል፣ ያውም በትንሹ ገጹ አናት ላይ። ሳታዪው ካለፍሽ ኩባንያው በአንድ ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ የከበረ ወይም የደኸየ ይመስላል።

ሌላው የዘንድሮው ሪፖርት ላይ ያለው ያምና ቁጥርና ራሱ ያምናው ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር አልገጥም ሲሉሽ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳይ የተጭበረበረ መስሎኝ ነበር። ተከልሶ ሊሆን ይችላል። ከተከለሰ ማብራሪያው ውስጥ ምክንያቱ ይጻፋል። ማብራሪያ የሚባሉትን፣ ከኋላ ያሉትን የደቃቅ ጽሑፍ ገጾች፣ ሁሉም ሰው ይዘላቸዋል። አንቺ ከዚያ ጀምሪ። ኩባንያው ለማን ዋስ እንደቆመ፣ ስንት የፍርድ ቤት ክስ እንዳለበት፣ ከባለቤቶቹ ጋር ምን እንደሚገበያይ ያለው እዚያ ነው።

አንድ የማልረሳውን ልጨምር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ወር ሳይሞላው ከ100 አለፈ። የብዙ ኩባንያ ሂሳብ የሚዘጋው ግን ሰኔ 30 ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ የ2016 ሪፖርቱን ብትገልጪ የሚሊዮን ዶላር ዕዳ በ57 ሚሊዮን ብር ተጽፎ ሰላማዊ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያ ዕዳ ሪፖርቱ በተፈረመበት ቀን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ፍንጩ ያለው «ከሂሳብ መዝጊያ በኋላ የተከሰቱ ሁኔታዎች» የምትለዋ ማብራሪያ ውስጥ ብቻ ነው። ጉዳቱ በቁጥር የሚወጣው በ2017 ሪፖርት ነው። አለቃዬ ይህንን በጣቱ ያሳየኝ ቀን፣ ወላሂ፣ ክፍል ውስጥ ሸምድጄ ፈተና የጻፍኩበት ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አሁን የምሠራበት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ያስገባል። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ያወራሁት ይህንኑ ነው።

ስለ ኤክሴል አትጨነቂ። ሞዴል፣ ማለትም የዋጋ ስሌቱን ሠንጠረዥ፣ ሥሪ አይሉሽም፣ ቢሉሽም አብረውሽ ይቀመጣሉ። ከሪፖርት የገለበጥሽውን ቁጥር በሰማያዊ፣ ቀመሩን በጥቁር አድርጊ፣ የሙያው ልማድ ነው። ቀመር ውስጥ ቁጥር አትቅበሪ። ከታች ደግሞ ንብረት ሲቀነስ ዕዳና ካፒታል የሚል አንድ የማመሳከሪያ መስመር አስቀምጪ። ዜሮ ካልመጣ ከወንበርሽ አትነሺ።

አንድ ደካማ ጎናችንን ልናገር፣ የወሎ ሰው አይቀየመኝ። ይሉኝታችን ነው። አለቃሽ ቶሎ ቶሎ አዝዞ «ገባሽ?» ይልሻል። እኛ ለአክብሮት «አዎ» ብለን እንነሳለን። ከዚያ ግማሽ ቀን የማናውቀውን ስንሠራ እንውላለን። ሲያዝዙሽ ማስታወሻ ላይ ጻፊ፣ ሲጨርሱ «ይኸን ይኸን ነው ያሉኝ?» ብለሽ መልሺላቸው። ደቂቃ አይፈጅም። ጥያቄሽን አጠራቅመሽ አንዴ ጠይቂ እንጂ በየአምስት ደቂቃው አትመላለሺ፤ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው።

ልብስ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። ንጹሕ ቀሚስና ሂጃብሽ ከበቂ በላይ ነው። ሰልቫጅም ቢሆን ከተተኮሰ ማን ያውቃል። ጫማው ግን የሚመች ይሁን። ምሳ ቋጥሪ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባሉት ሕንጻዎች ሥር ያለው ምሳ ለእኛ ኪስ አይሆንም። ክፍያ አትጠብቂ፤ የትራንስፖርት ከሰጡሽ አልሐምዱሊላህ በይ። የመስገጃ ቦታ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ፣ ያሳዩሻል።

የሙጋዷ፦

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ያምና የዘንድሮ የሚለውን ዛሬ አንድ የባንክ ሪፖርት ከድረ ገጽ አውርጄ ሞከርኩት፣ እውነትም አንድ ቦታ አይገጥምም! ማብራሪያው ገና ሲፈለግ ነው።

የቤቱን ስም ያልጠራህበትን ምክንያት ግን አልነገርከኝም። አጎቴንስ ምን ልበለው? እንደው የሚወራውን ብቻ ብነግረው ምን ችግር አለው?

ከሐይቅ ማዶ፦

ይኸኛው ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ቀልድ የሌለበት ቦታ ይኸ ነው።

ስትገቢ መጀመሪያ የሚያስፈርሙሽ የምስጢር ጥበቃ ወረቀት ነው። አንብበሽ ፈርሚ። እዚያ ቤት ውስጥ የአንድ ኩባንያ ስም ነጭ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ማየትሽ ብቻ ዜና ነው። ኩባንያው አክሲዮን ሊሸጥ መሆኑን፣ ሊጣመር መሆኑን፣ ገንዘብ ቸግሮት እንደሆነ ገበያው ገና አያውቅም። አንቺ አወቅሽ። ያንን ለአጎትሽ ብትነግሪውና እሱ ቢገዛ ወይም ቢሸጥ፣ በውስጥ መረጃ መገበያየት ይባላል፣ አዋጁ ይከለክላል። አጎቴ ነው፣ ለሱቁ ብዬ ነው ማለት አያድንም። የአማካሪነት ፈቃድ ሳይኖርሽ ደግሞ «ይህንን ግዛ» ማለቱ ራሱ ሥራሽ አይደለም።

ስሙን የማልጠራውም ለዚህ ነው። እኔ የነበርኩበትን ጊዜ፣ ቤቱንና ያየሁትን የሪፖርት ዓይነት ብገጣጥምልሽ የሚያውቅ ሰው ደንበኛው ማን እንደነበር ይደርስበታል።

አብሮኝ የነበረ ልጅ ነበር። ጎበዝ፣ ከእኔ በብዙ የሚሻል። ከቢሮው ሆኖ ሰልፊ ተነሳና ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ከኋላው ስክሪን በርቶ ነበር። የሚነበበው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ይዞ ወጣ። የጮኸበትም የሰደበውም የለም፣ ደብዳቤ ብቻ ሰጡት። ጨከኑበት ብዬ አላስብም። እኔ አለቃ ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር።

ታክሲ ውስጥ የደንበኛ ስም አትጥሪ። ጓደኛሽ ጋ ስትደውዪም አትጥሪ። የተጻፈበት ወረቀት ቅርጫት ውስጥ አይጣልም፣ መቁረጫ ማሽን አለ።

አጎትሽን ደግሞ አታሳፍሪው፣ ሰውየው ገንዘቡን አውጥቶ ገዝቷል። የምትችዪው ይህንን ነው። ፕሮስፔክተስ የሕዝብ ሰነድ ነው። ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ማንም ማንበብ ይችላል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ኢትዮ ቴሌኮምን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። የአንዱ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ 100 ብር ነው፣ የተሸጠው ግን በ300። ሦስት እጥፍ ለምን? 10 በመቶው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀረበ። ሙሉ በሙሉ ቢሸጥ 30 ቢሊዮን ብር ነበር። የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ፤ የገዛው ከ47 ሺህ ሰው በላይ ነው። ለምን አልሞላም?

ይኸን ጥያቄ ለራስሽም አስቢበት፣ ምሳ ላይ አንዱ መጠየቁ አይቀርም። የእኔ መልስ፣ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ይኸ ነበር። ሽያጩ ጥቅምት 2017 ሲጀመር የገዙትን መልሶ መሸጫ ገበያው ገና አልተከፈተም። የእኛ ሰው ሊሸጠው የማይችለውን ነገር ሲገዛ ትርፉን ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ትርፍ ደግሞ ዓመት ይወስዳል። አንድ ሰው ከ3,333 አክሲዮን በላይ መግዛት አለመቻሉም ትልልቁን ገንዘብ ከውጭ አስቀርቷል። አለቃዬ አልተስማማም። ዋጋው ነው ችግሩ አለ። ተከራከርን። ሳምንቱን ሙሉ ካወራነው ሁሉ ያኔ ነው እንደ ሰው ያየኝ።

ቢንት ወሎ፦

እኔ የእናትሽን ነገር ልመልስ፣ እናቴም ይህንኑ ስለምትጠይቀኝ። ኢንቨስትመንት ባንክ በተለመደው መንገድ አስቀማጭ ሰብስቦ አያበድርም። ዋና ገቢው የምክርና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ግን «ምንም የለበትም» ብለሽ እንዳትዋሺያት። ከሚያገበያዩአቸው ሰነዶች ውስጥ ቦንድም ግምጃ ቤት ሰነድም አለ፣ እነሱ ወለድ አለባቸው። የአክሲዮን ጉዳይ ደግሞ ኩባንያው በሚሠራው ሥራ ይለያያል። ከወለድ ነፃ ሆነው የተቋቋሙ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ባንኮችም የአክሲዮን ኩባንያ ናቸው። ብይኑን ኡስታዝሽን ጠይቂ፣ ፎረም ላይ አይወሰንም። ለመማር መሄድሽን ግን እናትሽ የምትከለክል አይመስለኝም።

ጋሼ ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሂሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያውም በእጅ መዝገብ።

ልጆቹ «በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ» ሲሉሽ ፈገግ በይ። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚሻሻጥበት ማኅበር ነበረ። ያኔ ሰው የፋብሪካና የባንክ ድርሻ ይገዛና ይሸጥ ነበር። በ1967 ደርግ ባንኮቹንና ፋብሪካዎቹን ሲወርስ የሚሸጥም የሚገዛም ጠፋና አበቃ። የድርሻ ወረቀታቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው የሞቱ ሰዎች አውቃለሁ። ይህንን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም፤ እናትና አባቶችሽ ወረቀት ግዙ ሲባሉ ለምን እንደሚያመነቱ እንዲገባሽ ነው።

ሌላው ተራ ነገር ነው። የትብብር ደብዳቤሽ ላይ ማህተሙ ፊርማው ላይ ማረፉን እዪ። ቁጥርና ቀን ይኑረው። ቅጂ ያዢ፣ መታወቂያሽን ያዢ። ስንቱ ልጅ በር ላይ ጥበቃ ሲያስቆመው አይቻለሁ።

የሙጋዷ፦

እሺ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤውን አሁን አየሁት፣ ቀን የለውም! ነገ ዲፓርትመንት እመለሳለሁ።

ከሐይቅ ማዶ፣ አንድ የመጨረሻ ላስቸግርህ። ዩኒቨርሲቲው ሎግ ቡክና ሪፖርት ይፈልጋል። በየቀኑ ምን እንደሠራን፣ በየትኛው ድርጅት ሂሳብ ላይ፣ ከነቁጥሩ። አድቫይዘራችን ዝርዝር የሌለው ሪፖርት ውጤት አይሰጥም። እዚያ ደግሞ ምስጢር ያስፈርሙኛል ማለት ነው። በሁለቱ መሃል ምን ልሁን?

ከሐይቅ ማዶ፦

ይህንን ማንም አስቀድሞ አይነግርም፣ ጥሩ ጠየቅሽ። እኔም እዚያው ሆኜ ነው የተፋጠጥኩት።

ከመሄድሽ በፊት አድቫይዘርሽን አናግሪ። ሥራው ምስጢር የሚያስፈርም እንደሆነ ቀድሞ ይወቅ። ሪፖርት ስታስረክቢ የሚሰማው ከሆነ ሰበብ ይመስለዋል።

ሎግ ቡኩ ላይ አሠራሩን ጻፊ፣ ደንበኛውን ተዪ። «የአንድ አምራች ኩባንያ የአምስት ዓመት ሂሳብ ወደ ሠንጠረዥ ገለበጥኩ፣ ያለፈው ዓመት ንጽጽር ላይ ልዩነት አገኘሁ፣ ከማብራሪያው አመሳከርኩ» ይበቃል። ከፈለግሽ ኩባንያ ሀ፣ ኩባንያ ለ በዪ። ግን ተጠንቀቂ፤ «ኮምቦልቻ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ» ካልሽ ስሙን ጠርተሽዋል፣ ወሎ ውስጥ ማንም ያውቀዋል።

ቁጥር የሚጠይቀውን ክፍል በሕዝብ ሰነድ ሙዪው። ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ያወጣሉ። አንዱን ወስደሽ እዚያ የተማርሽውን መንገድ በሙሉ ሠርተሽ አሳዪ። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው። አድቫይዘሬ እንዲያውም ከሌሎቹ ሪፖርት ይሻላል አለኝ። ብዙዎቹ ልጆች የድርጅቱን ታሪክና የመዋቅር ሠንጠረዥ ከድረ ገጽ ገልብጠው ነው ገጽ የሚሞሉት። ሁላችንም እናውቃለን፣ አስተማሪዎቹም ያውቃሉ።

ከዚያ ሪፖርቱን ለዲፓርትመንት ከማስገባትሽ በፊት እዚያ ላለው አለቃሽ አስነብቢው። እሱ ሲፈርምበት አንቺ ነፃ ነሽ። የመጨረሻው ቀን ላይ አታድርጊው። ዓርብ ከሰዓት ፊርማ ፍለጋ የሚሮጥ ተለማማጅ ማየት ያሳዝናል፤ አለቃው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ጦሳሥር፦

እሺ፣ ተረታሁ አልልም፣ ወጪው አሁንም ወጪ ነው። ግን ያን የሐምሌ 22ቱን ነገር ለቢሮ ልጆች አሳየኋቸው። ግማሾቹ አላስተዋሉትም ነበር። ቤት ከሌለሽ እህቴ፣ የአክስቴ ልጅ ኮልፌ ከሴቶች ጋር ተከራይታ ትኖራለች፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አገናኝሻለሁ።

የደላንታው፦

ሰላም ናችሁ። እኔ ኢኮኖሚክስ ነኝ፣ አካውንቲንግ አይደለሁም። እኔንስ ይቀበሉኛል?

ከሐይቅ ማዶ፦

ይቀበሉሃል፣ እኔ ባለሁበት ጊዜ አንዷ ኢኮኖሚክስ ነበረች። እሷን የሚሰጧት የኢንዱስትሪ ጥናት ነበር፤ የስሚንቶ ገበያ ማነው የያዘው፣ የገብስ ዋጋ ወዴት እየሄደ ነው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። የሂሳብ መግለጫ ማንበብ ግን አይቀርልህም። ሦስቱን ሠንጠረዦች፣ ሚዛኑን፣ ትርፍና ኪሳራውን፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን፣ እንዴት እንደሚያያዙ ሳታውቅ አትሂድ። ትርፍ አሳይቶ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ኩባንያ ለምን እንደሚኖር ለአንድ ሰው ማስረዳት ከቻልክ ኢሜይሉን ጻፍ። ሲቪህን አንድ ገጽ አድርገው፣ ፎቶ አያስፈልገውም።